ከአንድ በርሜል የተቀዳ ጠንካራ ቦርቦን፦ አቀማመሱና ፍርዱ

የምሠራው ኬንታኪ ውስጥ፣ ሉዊቪል ከተማ በሚገኝ የመጠጥ መደብር ነው። ከሥራዬ የምወደው ክፍል ቦርቦን ወደሚባለው፣ በአብዛኛው ከበቆሎ ወደሚሠራው የአሜሪካ ዊስኪ ፋብሪካዎች ሄዶ በቀጥታ ከበርሜል የተቀዳ ናሙና መቅመስና የትኛው በርሜል ሙሉ በሙሉ ለመደብራችን ይገዛ የሚለውን መወሰን ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቀማሽ ነበርኩ። ቡና ቀማሽ ሲኒውን ትኩስ እንዳለ ይቀምሳል፣ ለብ ሲል ይቀምሳል፣ ከበረደ በኋላም ይቀምሳል፤ ሙቀት የሸፈነውን ጉድለት ብርድ ያወጣዋልና። በጠንካራ ቦርቦን ላይ ይህን የማጋለጥ ሥራ የሚሠራው ውሃ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ በሙሉ ጥንካሬው ብቻ የቀመሳችሁትን ዊስኪ ገና አልዳኛችሁትም።

ስለ መጠጡ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የምትቀምሱትን ነገር አስቀድሞ የሚወስነው ሕጉ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቦርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ተተንኖ ሲወጣ የአልኮሉ መጠን ከ80 በመቶ፣ ወደ በርሜል ሲገባ ደግሞ ከ62.5 በመቶ መብለጥ አይችልም። የሚቀመጥበት ዕቃ አዲስና ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ እንጨት መሆን አለበት። ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው። እንግዲህ በብርጭቆው ውስጥ የምታገኙት ሁሉ የመጣው ከእህሉ፣ ከእርሾው፣ ከእንጨቱና ከዓመታቱ ነው። አሜሪካውያን ጥንካሬውን የሚጽፉት በፕሩፍ ነው፤ ቁጥሩን ለሁለት ስታካፍሉት የአልኮሉን መቶኛ ታገኛላችሁ። 120 ፕሩፍ 60 በመቶ ማለት ነው።

አብዛኛው ቦርቦን የብዙ በርሜሎች ድብልቅ ነው። ቀላቃዩ የአንዱን ምሬት በሌላው ጣፋጭነት ያርማል፤ ውጤቱም ዓመት ከዓመት ተመሳሳይ ይሆናል። ከአንድ በርሜል ብቻ የሚቀዳው ግን መደበቂያ የለውም። ይህን ዓይነቱን ቦርቦን በገበያ ያስለመደው በ1984 ፍራንክፎርት፣ ኬንታኪ ውስጥ በዊስኪ ሠሪው በኤልመር ቲ. ሊ አማካይነት የወጣው ብላንተንስ የተባለው ምርት ነው። አንድ በርሜል ሲሞላ 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በየዓመቱም ከውስጡ የተወሰነው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ተንኖ ይጠፋል። የኬንታኪ መጋዘኖች ብዙዎቹ ባለ ብዙ ፎቅ ናቸው። በላይኛው ፎቅ፣ የበጋው ሙቀት በሚበረታበት፣ ውሃው ከአልኮሉ ፈጥኖ ስለሚወጣ ጥንካሬው እየጨመረ ይሄዳል። በታችኛው ፎቅ፣ በቅዝቃዜውና በእርጥበቱ ውስጥ፣ ጥንካሬው ባለበት ይቆያል ወይም ይቀንሳል። በአንድ ቀን የተሞሉ፣ አንድ ዓይነት መጠጥ የያዙ ሁለት በርሜሎች ከዓመታት በኋላ የማይተዋወቁ ሆነው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ፎር ሮዝስ የተባለው የኬንታኪ ቦርቦን ፋብሪካ በኮክስ ክሪክ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘኖች የሚጠቀመው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አንባቢዎቼ በደንብ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር በርሜሉ የት እንደኖረ ይነግራችኋል እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይነግራችሁም። ዳግም አረቄ እየቀመሰ ያደገ ሰው ጥንካሬን አይፈራም፤ ይህ ጥሩ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙ ሰው ጥንካሬውን ራሱን ጥራት አድርጎ መቁጠሩ፣ ለ65 በመቶው ከ55 በመቶው የበለጠ ዋጋ መክፈሉ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ አትግዙ።

ለመማር የሚመቸው ጠርሙስ ጥንካሬው ሁልጊዜ አንድ የሆነው ነው። ራስልስ ሪዘርቭ ሲንግል ባረል (ከአንድ በርሜል የተቀዳ ማለት ነው) 55 በመቶ ነው፤ ኖብ ክሪክ ሲንግል ባረል 60 በመቶ ነው፤ የፎር ሮዝስ መደበኛው ሲንግል ባረል 50 በመቶ ነው። ከአንዱ ዓይነት በተለያየ ጊዜ ወይም ከተለያየ መደብር ሁለት ጠርሙስ ፈልጉ፤ የበርሜሉን ቁጥር ወይም የመደብሩን ልዩ ምልክት አይታችሁ ከተለያየ በርሜል መሆናቸውን አረጋግጡ። ጥንካሬያቸው እኩል ስለሆነ ጎን ለጎን ስትቀምሷቸው የምታገኙት ልዩነት የበርሜሉ ነው። ምንም ውሃ ሳይጨመርባቸው የሚታሸጉትን፣ ጥንካሬያቸው ከጠርሙስ ጠርሙስ የሚለዋወጠውን፣ ከዚህ በኋላ ብትደርሱባቸው ይሻላል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ግን የአገራችንን ምግብ ለምንበላ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አልኮል አፍን የሚያቃጥለው በርበሬ የሚያነቃውን ያንኑ የሙቀት ነርቭ ስለሚያነቃ ነው። ሚጥሚጣ የነካው ክትፎ ወይም ቀይ ወጥ በልታችሁ ወዲያው 60 በመቶ ቦርቦን ብትቀምሱ እሳቱ ይደራረብና ከእሳቱ በስተቀር ምንም አትሰሙም። ከቅመም ምግብ በኋላ ጥቂት ሰዓታት ቆዩ። ቅምሻው ከምሳ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ሆድ ግን ባዶ አይሁን፤ ጨው የሌለው ዳቦ በቂ ነው። ሽቶ አትቀቡ፤ ዕጣን በጨሰበት፣ ቡና በሚቆላበት ቤትም አትቅመሱ። የቡናው ሽታ የዊስኪውን የተቃጠለ ስኳር ፈጽሞ ይውጠዋል።

ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ግሌንኬርን የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ እሱ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሆናል። በሳሙና ሽታ ላይ ደግሞ አትደራደሩ። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ብቻ ደጋግማችሁ አለቅልቁትና በአየር ይድረቅ። ለእያንዳንዱ ዊስኪ ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ቅዱ። አንዱ እንዳለ ይቆያል፤ ሌላው ውሃ ይጨመርበታል። ውሃውን ለመለካት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ግዙ፤ በማንኪያ ግምት መሥራት ፍርዱን ያበላሻል። ውሃው የክፍሉ ሙቀት ያለው፣ ክሎሪን የማይሸት ይሁን። በረዶ አይገባም፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን ይዘጋዋል።

ከቀዳችሁ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አትንኩት። የመጀመሪያው ኃይለኛ የአልኮል ትንፋሽ ይውጣለት። እየጠበቃችሁ ቀለሙን ተመልከቱ፤ በቦርቦን ውስጥ የተጨመረ ቀለም ስለሌለ የምታዩት ጥቁረት ከእንጨቱ የመጣ ነው። ለፍርድ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ እንለፈው።

ማሽተቱ ላይ እንቆይ፤ ከፍርዱ ግማሹ እዚህ ነው። እንደ ወይን ጠጅ ብርጭቆውን አታሽከርክሩ፤ በዚህ ጥንካሬ የሚያተርፈው አፍንጫን ማደንዘዝ ነው። ብርጭቆውን አገጫችሁ ዘንድ ያዙ፣ አፋችሁን በጥቂቱ ክፈቱ፣ በአፍም በአፍንጫም ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተንፍሱ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አምጡት፤ የሚኮረኩራችሁ ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙና ወደኋላ መልሱት። በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከዚያ በሌላው አሽቱ። አፍንጫ ሲደክም የራሳችሁን ክንድ አሽቱ፤ የለመደው ሽታ ስለሆነ ያሳርፈዋል።

የምትሹትን ካላወቃችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ጥቂት ምንጮችን ልጠቁም። እሳት የለበለበው እንጨት ቫኒላ ይሰጣል፤ በውስጡ ያለው ስኳርም ተቃጥሎ የካራሜል ሽታ ይሆናል። ኦክ ራሱ ኮኮናት የሚሸት ንጥረ ነገር አለው፤ ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገርም በእንጨቱ ውስጥ ይገኛል፤ በቦርቦን ውስጥ ቅርንፉድ ሸተተኝ የሚል ሰው በምናቡ አይደለም። ቁንዶ በርበሬና ናና የሚመስለው ብዙ ጊዜ ራይ ከሚባለው እህል ይመጣል። ፎር ሮዝስ ከሚጠቀምባቸው ሁለት የእህል ቅይጦች አንዱ 35 በመቶ ራይ ስላለበት ይህን ለመማር ይረዳል። በራይ ፋንታ ስንዴ የገባባቸው፣ እንደ ሜከርስ ማርክ ያሉት፣ ለስለስ ብለው ወደ ማርና ወደ ዳቦ ያደላሉ። የሙዝ፣ የፖምና የቼሪ ዓይነት ሽታ በአብዛኛው የእርሾው ሥራ ነው። የቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የቴምርና የዘቢብ ሽታ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ማስታወሻችሁን በራሳችሁ ወጥ ቤት ዕቃዎች ጻፉ። እኔ ኮረሪማ ያገኘሁበትን በርሜል ኮረሪማ ብዬ እጽፋለሁ፤ አብረውኝ የሚቀምሱት ኬንታኪዎች ኮረሪማን ባያውቁትም ማስታወሻው የሚያገለግለው እኔን ነው።

የጉድለት ሽታዎችም አሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶም ያልለቀቀው፣ ገና ያልበሰለ ነው ወይም ከበርሜሉ አንድ ነገር ጎድሏል። ጥሬ የበቆሎ ቅርፊት የሚሸት ወጣት ነው። ሰጋቱራ ብቻ የሚሸት ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ከሚገባው በላይ ቆይቷል። በዚህ ደረጃ ጥርጣሬ ካላችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እሹት፤ አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ እህሉና እንጨቱ እጃችሁ ላይ ይቀራሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ አዛውንቶች ሲያደርጉት አይቼ የተማርኩት ነው፤ አስተማማኝ ነው።

አሁን ወደ አፍ። የመጀመሪያው ፉት የሚባለው ለፍርድ አይደለም። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ወስዳችሁ አፋችሁን በሙሉ አዳርሱና ዋጡት ወይም ትፉት። አፍ ለእሳቱ እስኪለምድ ድረስ የሚሰማችሁ ነገር ሁሉ አሳሳች ነው፤ በአንድ ጉንጭ ብቻ ‘ያቃጥላል’ ብሎ የፈረደ ሰው የፈረደው በራሱ ምላስ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሁለተኛውን ውሰዱ። ይህኛውን ምላሳችሁ ላይ ጥቂት ሰከንድ አቆዩት። የቡና ቀማሾች እንደምናደርገው በኃይል አትሳቡት፤ የአልኮሉ ትነት ጉሮሮን ይይዛል። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ተንፍሱ። ከሁሉ የበለጠው ጣዕም በዚያች ትንፋሽ ላይ ነው።

ልብ የምትሉት ነገር ሙቀቱ የት እንደሚያርፍ ነው። በጥሩ በርሜል ሙቀቱ ወደ ደረት ወርዶ ይሰራጫል፤ ጣዕሙም አብሮት ይቆያል። በደካማ በርሜል እሳቱ ከንፈርና የምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል ወይም ጉሮሮን ይፍቃል፤ ከጀርባው ጣዕም የለም። 63 በመቶ ሆኖ የሚገራ አለ፤ 50 በመቶ ሆኖ የሚቧጥጥ አለ። ውፍረቱንም እዩ፦ ምላስን እንደ ዘይት ይለብሳል ወይስ እንደ ውሃ ያልፋል? ከዚያ ሰዓት ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚቀራችሁ ጣፋጭ ነው? ቅመም ነው? ወይስ አፍን የሚያደርቅ የእንጨት ምሬት ብቻ? ጥቂት ድርቀት ለጣፋጩ ሚዛን ይሆናል፤ ከሁሉ በኋላ ብቻውን የሚቀር ድርቀት ግን ጉድለት ነው።

ውሃው እዚህ ይገባል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የአሁኑን ጥንካሬ ለምትፈልጉት ጥንካሬ አካፍሉ፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ፣ በዊስኪው መጠን አባዙ። 60 በመቶ የሆነውን 15 ሚሊ ሊትር ወደ 50 ለማውረድ 3 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ወደ 45 ለማውረድ በጠቅላላው 5 ሚሊ ሊትር። በሁለተኛው ብርጭቆ መጀመሪያ 1.4 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ይህ 55 በመቶ ያደርገዋል። ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ አሽቱና ጥቂት ቅመሱ። በዚህ ጊዜ የምትወስዱት ምላስን ለማርጠብ ያህል ብቻ ይሁን፤ አለዚያ በብርጭቆው የሚቀረው እያነሰ ስሌቱ ይዛባል። ከዚያ እስከ 3፣ በመጨረሻም እስከ 5 ሚሊ ሊትር አድርሱት። በየደረጃው ምንም ውሃ ያልነካውን ብርጭቆ እያሸተታችሁ አወዳድሩ። 46 በመቶ አካባቢና ከዚያ በታች ሲደርስ ቢደፈርስ አትደንግጡ፤ በቅዝቃዜ ያልተጣራ ዊስኪ ውስጥ ያሉት ቅባታማ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው።

ምን ትጠብቃላችሁ? ጥሩ በርሜል በ55 ላይ ይከፈታል፦ በሙሉ ጥንካሬ ካራሜል ብቻ የነበረው ፍሬ፣ ቅመምና የብርቱካን ልጣጭ ያወጣል። በ50 ላይ ሚዛኑን ይይዛል። በ45 ላይ ቢሳሳም ማንነቱ ይታወቃል። መካከለኛው በርሜል በ55 ይለሰልሳል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ደካማው በ50 ላይ ይፈርሳል፤ ጣፋጩ ይጠፋና እንጨት ወይም ጥሬ እህል ብቻ ይቀራል። ይህ ፈተና ዝናንም ዋጋንም አያይም፤ የማከብረውም ለዚህ ነው።

ባለፈው የጸደይ ምርጫችን የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስት ናሙናዎች ቀረቡልን፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ልበላቸው። ሀ ከሦስቱ በጣም ጠንካራው ነበር፤ የተቃጠለ ስኳርና ጥቁር ቸኮሌት ገና ከሩቅ ይሸታል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ወደ እሱ አዘነበልን። ለ ለስላሳና ደስ የሚል ነበር፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ወዲያው ጠፋ። ሐ ዝም ያለ ነበር፤ ማርና ጥቂት የብርቱካን ልጣጭ። ሦስቱንም ወደ 50 አወረድናቸው። ሀ ሰጋቱራ ሆነ፤ አፋችንን አድርቆ ተወን። ለ እንደነበረ ቀረ። ሐ ቅርንፉድ፣ ቼሪና የደረቀ የትምባሆ ቅጠል አወጣ፤ ጣፋጩም እስከ መጨረሻው አልተለየውም። የገዛነው ሐን ነው። ደንበኞቻችን የሚጠጡት ብዙ ጊዜ በውሃ ወይም በበረዶ መሆኑንም እያሰብኩ ነበር፤ ሲቀልጥ የሚፈርስ ዊስኪ ለማን እሸጣለሁ?

ቤት ውስጥ ስትዳኙ ብርጭቆዎቹን ሌላ ሰው ይቅዳላችሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትወቁ። የጠርሙሱ ውበትና የከፈላችሁት ገንዘብ ምላስ ላይ ይጫናሉ። እኔ ለአንድ በርሜል ከመቶ ይህን ያህል ብዬ ነጥብ መስጠት አልወድም፤ ደረጃ ማውጣት ይበልጥ ሐቀኛ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ በሉና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያም ተመሳሳዩን የፋብሪካውን መደበኛ ምርት አምጥታችሁ ‘ይህ በርሜል መደበኛው የሌለውን ምን ሰጠኝ?’ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ መጠጡ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ለአንድ በርሜልነቱ የተጠየቀውን ተጨማሪ ዋጋ ግን አትክፈሉ። ባዶውን ብርጭቆ ሳታጥቡ አሳድሩትና ጠዋት አሽቱት፤ ጥሩው ማርና ቫኒላ ትቶ ያድራል፤ ያልበሰለው ጎምዛዛ ነገር። አዲስ የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ አየር ካገኘ በኋላ ስለሚለወጥ ከሳምንት ገደማ በኋላ ድጋሚ ሳትቀምሱ ፍርዱን አትዝጉ።

መጠኑን ጠብቁ። 60 በመቶ የሆነ 30 ሚሊ ሊትር ቦርቦን 14 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይይዛል፤ በአሜሪካ መለኪያ አንድ ሙሉ መጠጥ ነው፤ መጠኑ ግን ከሁለት ጉንጭ አይበልጥም። ከሦስት ዓይነት በላይ በአንድ ጊዜ አትዳኙ፤ የምትተፉበት ኩባያ ይኑራችሁ። እኛ ለሥራ ስንቀምስ እንተፋለን፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የቀመሰ ሰው መኪና አይነዳም።

ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ እንደ ወይን አታጋድሙት፤ ይህን ያህል ጠንካራ አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ አይንካው። ወደ አገር ቤት ለዘመድ መውሰድ ካሰባችሁ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው በአውሮፕላን በእጅም ሆነ በሻንጣ እንደማይፈቀድ እወቁ፤ ከዚያ በታች ያለው በዋናው ሻንጣ፣ ከነእሽጉ፣ በአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይቻላል። የበርሜሉን ቁጥር፣ መጋዘኑንና ፎቁን፣ መለያው ላይ ካሉ፣ ማስታወሻችሁ ላይ ገልብጡ። ከወደዳችሁት የዚያው በርሜል ጠርሙሶች ሳያልቁ ወደ ገዛችሁበት መደብር ተመለሱ፤ ሌላ መደብር ያለው ያንኑ ስም የያዘ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ከሌላ በርሜል ነው።